አርዲቲው (የወባ ፈጣን መመርመሪያው) ሁለት ጊዜ «የለበትም» ያለው ልጅ ወባ ነበረበት፤ ጥፋቱ የት ላይ ነው?

ኤክስቴንሽኗ (ጥያቄ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በምዕራብ ጎንደር ቆላ አንዲት ጤና ኬላ ላይ የምሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ዘንድሮ 14ኛ ዓመቴ ነው። የእናንተን ከማንበብ በቀር እዚህ ቃል ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ስላለ ልጻፍ ብያለሁ። ከረዘመ ታገሱኝ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት፣ ሰሊጥ አጨዳው ሊያልቅ ሲል፣ አንዲት እናት የ5 ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ትኩሳቱ 39 ነጥብ 2። ጣቱን ወጋሁ፣ ደሙን መመርመሪያው ላይ አደረግሁ፣ ፈሳሹን ጠብ ጠብ አደረግሁ፣ ሰዓቴን ይዤ 20 ደቂቃ ጠበቅሁ። የቁጥጥር መስመሯ ጥርት ብላ ቀላች። የፋልሲፓረምና የቫይቫክስ፣ የሁለቱ የወባ ዓይነቶች፣ ቦታ ግን ወረቀቱ ነጭ ነው። ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ፤ የሳንባ ምች አይደለም። ጆሮውን አየሁ፤ አንገቱም አልገተረም። ፓራሲታሞል ሰጥቼ «በ2 ቀን ካልተሻለው ይዘሽው ተመለሽ» አልኳት።

በ2ኛው ቀን ተመለሰች። ከሌላ ሳጥን አዲስ መመርመሪያ አውጥቼ ደገምኩት። አሁንም ነጭ። ያን ጊዜ እናትየው «እህቴ፣ ይሄ ንዳድ ነው። ታላቁንም እንዲሁ ነበር ያደረገው። መድኃኒቱን ስጪኝ» አለችኝ። የወባው መድኃኒት ኮአርተም ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ነበር። አልሰጠኋትም። ሥልጠና ላይ የተነገረን ሳይመረመር አይታከም፣ ኔጌቲቭ ለሆነ ኮአርተም አይሰጥም ነው። ለክትትል የሚመጡትም መጀመሪያ የሚገልጡት መዝገቡን ነው፤ የተሰጠው ኮአርተም ከፖዘቲቩ ቁጥር ከበለጠ ማብራሪያ እጠየቃለሁ። እኔም ይህን ሕግ አምኜበት ነው የያዝኩት። ለተለማማጆቹ ልጆች ሳስተምር ኖሬአለሁ።

በ4ኛው ቀን ሌሊት በሬ ተንኳኳ። አባትየው ነበር። ልጁን ሳየው ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ ጥርሱ ገጥሟል፣ ይንፈራገጣል። በፊንጢጣ የሚሰጠውን አርቴሱኔት ሰጠሁት፤ ለሱ እንኳ የምርመራ ውጤት አልጠበቅሁም። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ 3 ሰዓት ተኩል ተጉዘን ጤና ጣቢያ አደረስነው። የላብራቶሪው ልጅ ስላይዱን (ደሙ የተቀባበትን መስታወት) በማይክሮስኮፕ አይቶ ቀና አለና «ፋልሲፓረም ነው፤ ሞልቷል» አለኝ። ከዚያ ሆስፒታል ተላከ።

ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። 9 ቀን ተኛ። ዛሬ ይራመዳል፤ ቀኝ እጁ ግን ኩባያ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩም ዘግይቷል። እናትየው አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ገበያ ስንገናኝ ትስመኛለች። ይህ ነው ከሁሉም የከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ ከስልኬ ስፈልግ በአርዲቲ የማይታይ ፋልሲፓረም አለ የሚል አነበብኩ። እንዲያውም ያበዛው መመርመሪያው ራሱ ነው ይላሉ። ገባኝ ለማለት ግን አልደፍርም። እውነት ነው? እውነት ከሆነ በእነዚህ 14 ዓመታት ኔጌቲቭ ብዬ በመለስኩት ሰው ሁሉ ያንን ፓራሳይት ሳሳድገው ኖሬአለሁ ማለት ነው? ደግሞስ ነገ ሌላ እናት ነጭ መስመር ፊት ቆማ «መድኃኒቱን ስጪኝ» ስትለኝ ምን ላድርግ?


ማይክሮስኮፕ መቶ፦

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባሕር ዳር የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ፤ ሥራዬ ቀኑን ሙሉ የደም ስላይድ ማንበብ ነው።

መጀመሪያ ሌላውን ምክንያት እንለየው። መመርመሪያውን ሙቀት ያበላሸዋል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረመ ሳጥን በቆላ አይታመንም። ፓራሳይቱ በደም ውስጥ በጣም ጥቂት ከሆነም መስመር አይወጣም። አንቺ ግን ከሁለት ሳጥን ነው የሞከርሽው፤ በተመሳሳይ ሳጥን ሌሎች ሰዎች ፖዘቲቭ ይወጡልሽ ከነበረ መመርመሪያው አልተበላሸም። ስላይዱ ላይ ደግሞ ሞልቶ ነበር። የተሞላ ደም ነጭ መስመር ሲሰጥ፣ ያነበብሽውን መጠርጠር ትክክል ነው። ማረጋገጫው የጂን ምርመራ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፋልሲፓረሟ መስመር ፓራሳይቱን ራሱን አታይም። ፋልሲፓረም ወደ ደም የሚያፈሰው ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ መስመሯ የምትይዘው እሱን ነው። ጂኑ ያለው በፓራሳይቱ 8ኛ ክሮሞዞም ላይ ነው። ኤችአርፒ3 የሚባል ወንድም አለው፣ በ13ኛው ላይ፤ ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ መስመሯ ኤችአርፒ3ንም በመጠኑ ትይዛለች። እነዚህ ሁለት ጂኖች ተቆርጠው የወደቁባቸው ፓራሳይቶች አሉ። ጂኖቹ ባይኖሩም ይኖራሉ፣ ይራባሉ፣ ሰው ይጥላሉ። ለመመርመሪያው ግን የሉም።

መጀመሪያ በጥናት የታወቁት እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ አማዞን ነው። ያኔ ሩቅ ነገር ይመስል ነበር። ቀጥሎ ጎረቤታችን ኤርትራ ላይ ታየ፤ ጊንዳዕ ሆስፒታል ከታዩት 26 ሕሙማን በ21ዱ፣ ምፅዋ ደግሞ ከ24ቱ በ10ሩ ጂኑ አልተገኘም። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2016 መመርመሪያዋን ቀየረች። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ድንበር አካባቢ 12,572 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተሠርቶ በ2021 ታተመ። በኤችአርፒ2 መጥፋት ብቻ መመርመሪያው የሚያልፈው የፋልሲፓረም ሕመም 9.7 በመቶ እንደሚሆን ገመቱ። ከ10 ሕሙማን አንዱ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ቀይሩ የሚለው ከ5 በመቶ ጀምሮ ነው። ያ ጥናት ሌላም ነገር አሳየ፤ የኤችአርፒ3 መጥፋት የቆየ ነው፣ የኤችአርፒ2 መጥፋት ግን በቅርብ ጊዜ የተስፋፋ ነው።

ለምን በቅርብ? የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ እኔ የምረዳው በእርሻ ነው። እናቴ ስንዴ ስታርም ሰናፍጩን፣ ሙጃውን ትነቅላለች፤ መልኩ ስለሚለይ። እንክርዳዱ ግን እስኪያሸት ድረስ ስንዴ ነው የሚመስለው፤ አራሚው በእጁ ያልፈዋል። በየዓመቱ አጥርቶ በማረም ማሳው ውስጥ የሚቀረው ስንዴ የሚመስለው ብቻ ይሆናል። እናቴ ጥሩ አራሚ ስለሆነች ነው እንክርዳዱ የበዛው። አንቺም ያደረግሽው እሱን ነው። ኤችአርፒ2 ያለው ታየ፣ ኮአርተም ተሰጠው፣ በ3 ቀን አለቀ። የሌለው በሰውዬው ደም ውስጥ ቀርቶ ትንኝ እስክትመጣለት ጠበቀ። ይህ በአንድ ጤና ኬላ ሳይሆን በአገሪቱ ሁሉ፣ በየቀኑ፣ ለዓመታት ሆነ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ፦ አዎ፣ እጅሽ አለበት። የኔም አለበት፤ ለኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠና ሰጥቼ «ኔጌቲቭን እመኑ» ያልኩ ሰው ነኝ። ያኔ ያልነው ባናውቅ ነው። አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርሽ፤ ልጁ በ2ኛው ቀን ትኩሳቱ ሳይለቀው ሲመለስ ወደ ማይክሮስኮፕ መላክ ነበረበት። መመሪያውም ይህን ይፈቅድልሻል። ኮአርተሙን በመከልከልሽ አልወቅስሽም።

አንድ ተጨማሪ ነገር ተጠንቀቂ። ሰው ሁለቱን ወባ አንድ ላይ ሊይዝ ይችላል። ፋልሲፓረሙ የተደበቀ ከሆነ የምታይው የቫይቫክስን መስመር ብቻ ነው፤ ክሎሮኪን ትሰጫለሽ፣ ቫይቫክሱ ይሄዳል፣ ፋልሲፓረሙ ክሎሮኪንን ስለለመደ ቁጭ ይላል። ቫይቫክስ ታክሞ በ3 እና በ4 ቀን ያልተሻለው ሰው ካለሽ እሱንም ላኪው።


የፋርማሲው ልጅ፦

እንግዲያው ይህን ሁሉ ለምን እንደክማለን? መመርመሪያው ካልታመነ ለሚያተኩሰው ሁሉ ኮአርተም መስጠት ነው። እኔ ቆላ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ገበሬው ሰሊጡን ጥሎ ጤና ጣቢያ ሲመላለስ ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ ይቀራል፤ መጥቶ «ንዳድ ይዞኛል» ሲለኝ እሸጥለታለሁ፤ ይሻለዋል። ያቺ እናት ወደ እኔ መጥታ ቢሆን ልጇ አይንፈራገጥም ነበር። ይህን ስል እህታችንን ለማሳዘን አይደለም። ሕጉ ሰው ከጎዳ ሕጉ ይለወጥ ነው የምለው።


ኤክስቴንሽኗ፦

ማይክሮስኮፕ መቶ፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «በ2ኛው ቀን መላክ ነበረበት» ያልከውን አነበብኩትና ስልኬን አስቀምጬ ወጣሁ። ተመልሼ ደግሜ አነበብኩት። እውነት ነው። ያን ቀን መንገዱ ጥሩ አልነበረም፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ እናትየው ሌላ ሕፃን ቤት ትታ ነው የመጣችው፤ ይህን ሁሉ አሰብኩና በልቤ «መመሪያው ኔጌቲቭ ብሏል» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ነጩ መስመር ለእኔም ቀላል ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዛሬ ጠዋት አየሁት። ፊደሉ የእንግሊዝኛ ነው፣ ግን ኤችአርፒ2 ይላል። 14 ዓመት በየቀኑ የማነሳው ሳጥን ነው፤ ይህን አንብቤው አላውቅም ነበር። የነገረንም የለም።

የፋርማሲው ልጅ፣ ወንድሜ፣ አላሳዘንከኝም። ሌሊት ሌሊት እኔም ያሰብኩት አንተ ያልከውን ነው። ነገር ግን ሌላ ትዝታ አለኝ። ከ5 ዓመት በፊት ከሰሊጥ ቦታ የተመለሰ ጎልማሳ እየመረመርኩት ኔጌቲቭ ሆነ። እሱም ከተማ ወርዶ ኮአርተም ገዝቶ ዋጠ። ትንሽ ለቀቀው፣ ተመለሰበት፣ ደግሞ ገዛ። እንዲህ እያለ 2 ወር ሆነ። ሆዱ ሲያብጥ፣ ሰውነቱ ሲመነምን ነው የታወቀው፤ ካላዛር የሚባለው ሌላ በሽታ ነበር። በእኛ ቆላ ትኩሳት ሁሉ ወባ ቢሆን ኖሮ ያንተን ምክር እሰማ ነበር።


የድሮው ረጪ፦

ልጄ፣ የልጅ ልጄ ነው ይህን የሚጽፍልኝ፤ እኔ እየተናገርኩ እሱ ይነካካል። 72 ዓመቴ ነው። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የወባ መከላከያ ረጪ ነበርኩ፤ በሁድሰን ፓምፕ በጀርባዬ ዲዲቲ የሚባለውን ፀረ ተባይ ተሸክሜ ከጣቁሳ እስከ መተማ ያልገባሁበት ቤት የለም።

ደንቢያ ነው የተወለድኩት። በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ንዳድ ሲወርድብን የ6 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያ በሽታ ደጋ ወጣ፤ ከዚያ በፊት ወባ አይተው የማያውቁ ሰዎች ዘንድ። አባቴንና 2 እኅቶቼን በአንድ ወር ቀበርን። እህል ማሳው ላይ ቆሞ ቀረ፤ የሚያጭደው ታሞ ተኝቷል። በኋላ ሥራ ስገባ ነው ቁጥሩን የሰማሁት፤ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ሞተ ይሉ ነበር አለቆቻችን። በዚያ ማግስት ነው የወባ ማጥፋት መሥሪያ ቤት የተቋቋመው። ስለዚህ ዲዲቲ ሲመጣ እኛ እንደ ጠበል ነው ያየነው።

መጀመሪያ ዓመታት ሰው በር ከፍቶ ይቀበለን ነበር። ትንኙም ይሞታል፣ ዝንቡም ይሞታል፣ ትኋኑም ይሞታል። ሰው የወደደን በትኋኑ ነው፤ እውነቱን ልንገርሽ። ወባ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ትኋን ግን በየሌሊቱ ነው። ከዚያ ዓመታት አለፉና ትኋኑ ለመደው። ስንረጭ ከግድግዳው ስንጥቅ ያበደ ያህል ይወጣል፣ አይሞትም፤ ሌሊቱን ቤተሰቡን ሲበላ ያድራል። «የናንተ መድኃኒት ትኋን ያራባል» ብለው በር መዝጋት ጀመሩ። እሺ ያሉትም እኛ ወጣ ስንል ግድግዳውን በጭቃና በእበት ይመርጉታል፤ ዲዲቲው ከምርጊቱ ሥር ተቀበረ። አለቆቻችን «ሕዝቡ አልነቃም» ይላሉ። እኔ ግን እናቴ ቤት አድሬ ትኋኑን ቀምሼዋለሁ፤ ሕዝቡ ያየውን ነው የተናገረው። ማንም ግን የትኋን ነገር በሪፖርት እንድንጽፍ አልጠየቀንም። የጠየቁን የተረጨውን ቤት ቁጥር ነው።

ትንኙም እንደ ትኋኑ ለመደ። ዲዲቲ ወደ 50 ዓመት አገልግሎ ከቀረ በኋላ ዴልታሜትሪን መጣ፤ እኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር፣ የሚረጩት የኔ ተማሪዎች ናቸው። እነሱ ሲነግሩኝ ትንኙ እሱንም ወዲያው ለመደው። አንድ የተማረ ልጅ ሲያስረዳኝ ሁለቱም መድኃኒቶች የሚያንኳኩት የትንኙን አንድ በር ነው፤ ለዲዲቲ የዘጋው በር ለአዲሱም ተዘጋ። አጎበሩም የተነከረው በዚያው ቤተሰብ መድኃኒት ነው።

አሁን አንቺ «እኔ አሳደግሁት ወይ» ስትዪ እኔም ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ዲዲቲውን በጎተራ እህል ላይ የሚነሰንሱ ነበሩ፤ ከኔ ፓምፕ የተረፈውን ለምነው ወስደው። ሰጥቻቸዋለሁ። ነቀዝ ይበላቸው ስለነበር አዘንኩላቸው። ዛሬ ያንን እህል ስለበሉት ልጆች አስባለሁ። ነገር ግን ደንቢያን አይቻለሁና አለመርጨትን አልመኝም። የሚቆጨኝ ትኋኑ መልመዱን አይተን ዝም ማለታችን ነው። አንቺ ዝም አላልሽም፤ ቀጥዪበት።


ማይክሮስኮፕ መቶ፦

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ይህን ጽሑፍ ለሥራ ባልደረቦቼ ላነብላቸው ነው።

ወንድሜ የፋርማሲው ልጅ፣ ላንተ አንድ ቁም ነገር አለኝ። ኮአርተም ለሁሉ ይሰጥ ያልከው፣ ፈተናውን ከመመርመሪያው አንሥቶ ወደ መድኃኒቱ ያዛውረዋል። ክሎሮኪን በፋልሲፓረም ላይ ሲደክም እ.ኤ.አ. በ1998 ፋንሲዳር ወደሚባል መድኃኒት ተሸጋገርን፤ እሱም 6 ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2004 በኮአርተም ተተካ። ከኮአርተም ቀጥሎ እንደዚያ በእጃችን የተዘጋጀ ርካሽ መድኃኒት የለም። ፓራሳይቱ ደግሞ ጀምሯል። ኬልች 13 በሚባለው ጂን ላይ አር622አይ የሚሉት ለውጥ አለ፤ ኮአርተም ውስጥ ያለውን የአርቴሚሲኒን ዘር መድኃኒት ኃይል ከሚያዘገዩት የሚቆጠር ነው። መጀመሪያ የታየው በዚሁ በጎንደር አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ ከተነበቡ 609 ናሙናዎች 8 በመቶው ላይ ተገኝቷል። ከነሱም ውስጥ የኤችአርፒ ጂኖቹ የሌሉባቸው አሉ። አስበው፤ መመርመሪያው አያየውም፣ መድኃኒቱም ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። አንተ ሳታይ የምትሸጠው ኮአርተም፣ ያውም ሰውዬው በ2ኛው ቀን ሲሻለው ግማሹን ለልጁ የሚያስቀምጠው፣ ያንን ፓራሳይት ነው የሚመርጥልህ።

የገበሬው 3 ቀን ሥራ መቅረት ግን ትክክለኛ ነገር ነው፤ ሰው ወዳንተ የሚመጣው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። በዚህ ጎርፍ መካከል ስላይድ ለሁሉ ይነበብ ማለት አይቻልም። የምንችለው ኔጌቲቭ ሆኖ ያልተሻለውን መያዝ ነው። ፋርማሲህ ውስጥም እንደዚያ ያለ ሰው ሲመጣ ከመሸጥህ በፊት ወደ ማይክሮስኮፕ ብትልከው ለእህታችን ታግዛታለህ።

ስለ መመርመሪያው፦ መስመሯ ኤችአርፒ2ን ሳይሆን ኤልዲኤች የሚባለውን የምትይዝ አለች። ያንን ፓራሳይቱ ለመኖር ስለሚፈልገው ቆርጦ ሊጥለው አይችልም። ጉድለት የላትም ማለት አይደለም፤ ፓራሳይቱ ጥቂት ሲሆን ከኤችአርፒ2 ይልቅ ታመልጣለች፣ ሙቀትንም ብዙ አትችልም። 5 በመቶ የሚለው ወሰን የመጣው ከዚህ ነው፤ የተደበቀው ከዚያ ሲበልጥ የኤልዲኤች ጉድለት ከኤችአርፒ2 ጉድለት ያንሳል። አንድ ጥቅም ደግሞ አላት። ኤችአርፒ2 ሰው ከዳነም በኋላ ሳምንታት በደም ይቆያል፤ ለዚያ ነው የታከመው ሰው ተመልሶ ሲመረመር ፖዘቲቭ እያለ ግራ የሚያጋባሽ። ኤልዲኤች ፓራሳይቱ ሲሞት አብሮት ይጠፋል።

እህቴ፣ ነገ ምን ላድርግ ላልሽው፦ ኔጌቲቭ ሆነው በ2ኛው ቀን ትኩሳቱ ያልለቀቃቸውን በስም ሳይሆን በቁጥር ለብቻ ደብተር ላይ መዝግቢያቸው፤ ዕድሜ፣ ቀን፣ የመመርመሪያው የምርት ቁጥር፣ በኋላ ስላይዱ ያለው። በወር 10 ሰው ቢሆን እንኳ ይህ ወረቀት ለወረዳው፣ ከወረዳውም ወደ ላይ የሚሄድ ማስረጃ ነው። ጤና ጣቢያው ሩቅ ከሆነ ደግሞ ሰውየው ሳይሆን ስላይዱ ይሂድ። የስላይድ አቀባብ ሠልጥነሻል?


ኤክስቴንሽኗ፦

አባቴ፣ «አይተን ዝም ማለታችን» ያሉትን በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ።

ወንድሜ፣ አዎ፣ ገና ሥራ ስጀምር ሠልጥኛለሁ፤ አርዲቲ ሲበዛ ግን ተውነው። መስታወቶቹ ከነሳጥናቸው አሁንም አሉኝ፤ ዛሬ አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌያቸዋለሁ። ረቡዕ ረቡዕ የገበያ ቀን ስለሆነ ወደ ጤና ጣቢያው ከተማ የሚወርድ ባለ ሞተር አለ፣ ዘመዴ ነው፤ ያለ ክፍያ አደርስልሻለሁ ብሎኛል። የላብራቶሪውም ልጅ «አምጪ፣ አነባለሁ» አለኝ። ያን ሌሊት «ሞልቷል» ያለኝ ልጅ ነው።

የሚያስፈራኝ በመንገድ መበላሸቱ ነው። በፊት ስንቀባ ዝንብ ሲልሰው አይቻለሁ፤ ጉንዳን የበላውም ነበር። ሙቀቱስ?


ማይክሮስኮፕ መቶ፦

ዝንቡን በትክክል አይተሻል፤ ደሙን ይበላና ስላይዱ ባዶ ይደርሳል። ወፍራሙን ጠብታ ከቀባሽ በኋላ ለጥ ያለ ቦታ ላይ አጋድመሽ በወንፊት ወይም በሰፌድ ክደኚው፤ አታዘንብዪው፣ ደሙ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ፀሐይ ላይ፣ ምድጃ አጠገብም አታድርቂው። ሙቀት ካገኘው ደሙ መስታወቱ ላይ ይጠበስና ጊምሳው (ስላይዱን የምናቀልምበት ቀለም) ቀይ ሕዋሱን ሊያጥብልን አይችልም። ውፍረቱን ለማወቅ ከሥሩ የታተመ ወረቀት አድርጊ፤ ፊደሉን ለማንበብ ያህል ካሳየሽ ልክ ነው። ቁጥሩንና ቀኑን በእርሳስ ጻፊ፤ እስክሪብቶ ሲታጠብ ይጠፋል። ሲደርቅ እያንዳንዱን ለየብቻው በወረቀት ጠቅልዪ፣ እርስ በርሱ እንዳይፋቅ። ማክሰኞ ከሰዓት የተቀባ ረቡዕ ቢደርስ መልካም ነው፤ ከ3 ቀን በላይ ግን በዚያ ሙቀት አታሳድሪው።

አንዱ ስላይድ ኔጌቲቭ ቢሆንም ትኩሳቱ ካለ በማግሥቱ ድገሚ፣ እስከ 3 ጊዜ። የአደጋ ምልክት ያለበትን ግን፣ የሚንፈራገጠውን፣ መጥባት ያቃተውን፣ የማይነቃውን፣ ረቡዕን አትጠብቂለት።


ኤክስቴንሽኗ፦

ተቀብያለሁ። ሰፌዱን ከቤት አመጣሁ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ 2 ስላይድ አድርቄአለሁ፣ አንዷ የ3 ዓመት ሴት ልጅ ናት፣ ሁለቴ ነጭ የሆነች። እናቷን ማታ ቤቷ ድረስ ሄጄ አየኋት፤ ልጅቷ ትጠባለች፣ ታወራለች። ውጤቱ ነገ ማታ በስልክ ይደርሰኛል፤ እዚሁ እጽፋለሁ።